አራት ቀዳዳ ለምን ይበቃል

ዋሽንቱ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ርዝመቱ ሁለት ስንዝር ተኩል ገደማ ነው፤ ውፍረቱ ከአውራ ጣት እምብዛም አያልፍም፤ ቀለሙ ወደ ማር ያደላል። አጥር ላይ ተሰክቶ ቢገኝ ሸምበቆ ከመባል አያልፍም ነበር። ጠጋ ብዬ የአፉን ጠርዝ ሳየው ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። ዙሪያው ከውጭ ወደ ውስጥ በሞረድ ተከርክሟል፤ እንደ ሲኒ አፍ ስስ ነው። ጣቴን በዙሪያው አዞርኩት። የሚቆረቁር ስንጥር አጣሁ። ከንፈር የሚያርፍበት በኩል ከሌላው በጥቂቱ ይበልጥ ስሷል፤ ይህን ዓይን አይለየውም፣ ጣት ነው የሚነግረው።

ወደ መስኮቱ አዙሬ እንደ መነጽር በውስጡ አየሁ። የልደታ ማርያም ሰማይ አንድ ሳንቲም አክሎ ታየኝ። በግድግዳው ላይ ሁለት ቡናማ ቀለበቶች አሉ፤ ሸምበቆው ሲያድግ ያወጣቸው አንጓዎች የነበሩበት ቦታ ነው። በጋለ ብረት ተበስተው፣ በብርጭቆ ወረቀት ተሽተው፣ ከግድግዳው እኩል ሆነዋል። ጠባሳቸው ብቻ ቀርቷል። አራቱ ቀዳዳዎች ከውጭ ሲያዩአቸው ክብ ናቸው። ከውስጥ ግን አፋፋቸው ተሸርሽሮ ወደ ታችም ወደ ላይም ይለሰልሳል፤ የምንጭ ውኃ ለብዙ ዓመት የሄደበት ድንጋይ ይመስላሉ።

«እሱን ማን ያየዋል ብለው ነው?» አልኳቸው።

«ትንፋሹ ያየዋላ!» አሉ ጋሼ።

ጋሼ ጎረቤቴ ናቸው፤ በልደታ ኮንዶሚኒየም እኛ አራተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ሦስተኛ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቀበሌ ቤቶቹ ፈርሰው እነዚህ ብሎኮች ሲቆሙ ከገቡት ነባሮች አንዱ ናቸው። ትውልዳቸው ጎጃም ነው፤ ልጅነታቸው ከብት ጥበቃ ላይ አልፏል፤ ዋሽንትም የለመዱት እዚያው ነው። የሥራ ቦታቸው ወጥ ቤታቸው ነው። ዕቃዎቻቸውን ቆጥሬያቸዋለሁ፦ ሴጌቶ፣ ሁለት ሞረድ (አንዱ ክብ)፣ ወስፌ፣ ከግንባታ የተረፈ ባለ 8 ፌሮ ጫፉ የሾለ፣ የከሰል ማንደጃ፣ በእንጨት ላይ የተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት፣ በቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ሰም። ሜትር የለም። ስንዝር፣ ጋት፣ ጣት ነው ልኩ፤ የቀረውን ጆሮ ይጨርሰዋል።

እኔን ለረጅም ጊዜ የከነከነኝ የቀዳዳው ቁጥር ነው። የፈረንጅ ፍሉት የቁልፉ ብዛት መኪና ሞተር ይመስላል። ክላርኔትም እንዲሁ። ባህላዊው ዋሽንት በአራት ቀዳዳ፣ ከእያንዳንዱ እጅ ሁለት ሁለት ጣት ብቻ ተበድሮ፣ ከሆድ ከሚወጣው ወፍራም ድምፅ እስከ ላይኛው የወፍ ፉጨት ይሄዳል። ዛሬ አምስትም ስድስትም ቀዳዳ ያላቸው ይሠራሉ። ግን አራቱ እንዴት በቁ? ድህነት ነው የሚሉ አሉ፤ እረኛ ምን አለው ብለው። እኔ አሁን የማምነው ሌላ ነው፦ አራት ቀዳዳ የበቃው ቱቦው ከሁለቱም ጫፍ ክፍት ስለሆነና የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ስለሆነ ነው። ሁለቱ ነገሮች እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ገጥመዋል።

ቆጠራው ቀላል ነው። ትዝታም ይሁን ባቲ፣ አምባሰልም ይሁን አንቺሆዬ፣ እያንዳንዱ ቅኝት የቆመው በአምስት ድምፅ ነው። አራቱንም ቀዳዳ ደፍኖ ሲነፉ አንድ ድምፅ ይገኛል። ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ሲከፍቱ አራት ይጨመራል። አምስት ሆነ። ስድስተኛው? ስድስተኛው የመጀመሪያው ኦክታቭ ነው፣ ያው ድምፅ ወደ ላይ ቀጥኖ፤ ለእሱ ቀዳዳ አያስፈልግም። ሁሉንም መልሶ ደፍኖ ትንፋሽን ጠበቅ ማድረግ ነው። ቱቦው ራሱ አንድ ኦክታቭ ዘሎ ይጠብቃል፤ በእነዚያው ጣቶች መሰላሉን ከመጀመሪያው መውጣት ይቻላል።

ይህን ሊያሳዩኝ ጋሼ ዋሽንቱን አስቀምጠው አንድ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ አነሡ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍበት ዓይነት፣ ከየግንባታው ትራፊው የማይጠፋ። በሴጌቶ ቆርጠው፣ ጠርዙን ሞርደው ሰጡኝ። እኔ በልጄ ማስመሪያ ለካሁት፤ 50 ሳንቲ ሜትር። አንድም ቀዳዳ የለውም። በከንፈራቸው ጥግ ሰያፍ ይዘው ነፉት። ናይ የሚባለውን የሸምበቆ ዋሽንት የሚነፉ ግብፆችና ቱርኮችም እንዲሁ ሰያፍ ነው የሚይዙት።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ከከንፈር የወጣው ቀጭን ትንፋሽ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል፤ አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ ይወላውላል። ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ገፋ ያደርገዋል፤ ግፊቱ እየተቀባበለ ወደ ታች ይሮጣል። ታች ደርሶ ክፍቱን ጫፍ ሲያገኝ ምን ይሆናል? ልደታ ጣቢያ ቆሞ ባቡር የጠበቀ ሰው ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በሥራ መውጫ ሰዓት ጢም ብሎ ይመጣል። በሩ ሲከፈት ተጨናንቆ የቆመው ሕዝብ ፈንድቶ ይወጣል፤ ከኋላው ቦታ ይለቃል፤ ያ ክፍተት ከሰው ወደ ሰው እየተሸጋገረ ወደ ውስጥ ይመለሳል። በቱቦው ውስጥም መጨናነቅ ሆኖ የሄደው መሳሳት ሆኖ ይመለሳል። አፉ ጋ ሲደርስ፣ አፉም ክፍት ነውና፣ እንደገና ተገልብጦ መጨናነቅ ይሆናል። አንድ ደርሶ መልስ፣ አንድ ዑደት።

ለ50 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ደርሶ መልሱ አንድ ሜትር ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ በሰከንድ 343 ምልልስ፣ ማለትም 343 ሄርዝ መሆን ነበረበት። በስልኬ ላይ ያለው መቃኛ ግን 330 አካባቢ አሳየኝ። ልጄ «ስልክሽ ተበላሽቷል» አለችኝ። ስልኩ ደህና ነው። አየሩ ቱቦው አለቀ ብሎ እዚያው ላይ ቀጥ አይልም፤ ከጫፉ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የሚመለሰው። በክፍቱ ጫፍ የቱቦውን ስፋት ሲሶ ያህል ይጨምራል፤ በአፉ በኩል ደግሞ ከንፈር ከፊሉን ስለሚሸፍነው ጭማሪው ይበልጣል። ለጆሮ ቱቦው ከማስመሪያው ይረዝማል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አልተገረሙም። «ስትቆርጪ ሁልጊዜ ከምትፈልጊው በታች ነው የሚናገረው» አሉ። ለማንኛውም እሳቸው ሲቆርጡ ትርፍ ይተዋሉ፤ ግን ያ ለሌላ ምክንያት ነው፣ እመለስበታለሁ።

አሁን የሄደውና የተመለሰው ሞገድ በአንድ ቱቦ ውስጥ ይደራረባሉ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ በአንዳንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ በአንዳንድ ቦታ ይጣፋሉ። ከሩጫው ሁሉ የሚተርፈው በቦታው ቆሞ የሚተነፍስ ቅርጽ ነው፤ የፊዚክስ መጽሐፍ ቋሚ ሞገድ ይለዋል። በሁለቱ ጫፎች ያለው አየር ሲወዛወዝ በመካከል ግን አንድ ነጥብ ላይ አየሩ ንቅንቅ አይልም። ከግራም ከቀኝም እየተገፋ ይጨመቃል፣ ይላላል እንጂ ቦታውን አይለቅም። ይህ ነጥብ አንጓ ነው። ቃሉን የወሰድነው ከሸምበቆው ነው። ጋሼ በፌሮ በስተው፣ በወረቀት ፍቀው ያስወገዱት አንጓ በአየር መልክ ተመልሶ መጥቶ መሐል ላይ ተቀምጧል!

የጀርመኑ አውጉስት ኩንት እ.ኤ.አ. በ1866 በመስታወት ቱቦ ውስጥ የተነሰነሰ ደቃቅ ብናኝ ድምፅ ሲገባበት አንጓዎቹ ላይ ተከምሮ እንደሚቀር አሳይቷል። ጋሼ ደግሞ የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ወስፌውን ከሰሉ ላይ አጋሉ። ቱቦውን በጣታቸው ላይ ሚዛን አድርገው መካከሉን ፈለጉ፤ አልለኩም፣ ሚዛን ሲጠብቅ ምልክት አደረጉ። ከዚያ በወስፌው ጫፍ ብቻ ነካ አደረጉት። ጢስ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ከዚያ የስንዴ ፍሬ የማታክል ቀዳዳ። በጣታቸው ደፍነው ነፉ፤ የመጀመሪያው ወፍራም ድምፅ መጣ። ትንፋሻቸውን ሳይጨምሩ ጣታቸውን አነሡ። ድምፁ አንድ ኦክታቭ ዘለለ። ደፈኑት፣ ወረደ። ከፈቱት፣ ወጣ።

ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። መካከሉ ለወፍራሙ ድምፅ ግፊቱ የሚበረታበት ቦታ ነው፤ እዚያ ላይ ቀዳዳ ሲከፈት ግፊቱ ያመልጣል፣ ወፍራሙ ድምፅ መቆም ያቅተዋል። ለኦክታቩ ግን አንጓዎቹ ሁለት ናቸው፤ ሩብ ላይና ሦስት ሩብ ላይ። ለእሱ መካከሉ አየሩ እንደ ልብ የሚወዛወዝበት፣ ከውጭው አየር ጋር የተስማማ ቦታ ነው። ቀዳዳው ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። የስንዴ ፍሬ በምታህል ቀዳዳ የማይታየውን ነገር ማስመስከር እጅ የሚያስነሳ ሥራ ነው። እሳቸው ግን ይህን ለጨዋታ እንጂ ለዋሽንት አይሠሩበትም፤ «ልጆች ሲመጡ ማሳቂያ ነው» አሉኝ።

ቀጥለው የቱቦውን ታችኛ ጫፍ በመዳፋቸው ዘጉት፤ የመሐሉን ቀዳዳ እኔ በጣቴ ያዝኩላቸው። ለስለስ አድርገው ነፉ። ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ርዝመቱ ያው ነው፣ ድምፁ ግን አንድ ኦክታቭ ገደማ ወረደ። በተዘጋ በር ላይ የሚጋፋ ሕዝብ ቦታ አይለቅም፤ ግፊቱ ግፊት ሆኖ ይመለሳል። ስለዚህ ዑደቱ ለመሙላት አንድ ደርሶ መልስ አይበቃውም፣ ሁለት ያስፈልገዋል። በሒሳብ 171 ሄርዝ ገደማ ነበር፤ የጫፉን ጭማሪ ስንቀንስ ወደ 167 ይጠጋል፤ ስልኬም ያን አካባቢ አሳየ። የኦርጋን ሠሪዎች ይህን ዘዴ ለቁጠባ ይጠቀሙበታል፤ ቱቦውን በመክደን በግማሽ ርዝመት ያንኑ ወፍራም ድምፅ ያገኛሉ።

ጠበቅ አድርገው ሲነፉ ግን ኦክታቩ የለም። ድምፁ ኦክታቩን አልፎ፣ ከእሱም በላይ አምስተኛው ድምፅ ላይ ወጥቶ አረፈ፤ የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ። አንደኛው ጫፍ የተዘጋ ቱቦ ጎዶሎ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት። ሁለትንና አራትን አያውቃቸውም። የተዘጋው ጫፍ አየሩ የማይነቃነቅበት፣ ክፍቱ ጫፍ የሚወዛወዝበት መሆን ስላለበት የሞገዱ ሩብ፣ ሦስት ሩብ፣ አምስት ሩብ እንጂ ግማሹ በመካከላቸው አይገጥምም። የእስክሪብቶ ክዳን እየነፋ ክፍል ያስቸገረ ልጅ ሁሉ ይህን ቱቦ ያውቀዋል።

ክላርኔት በሸምበቆ ምላሷ በኩል እንደ ዝግ ቱቦ ናት። ዋሽንትም እንደሷ በአፉ በኩል ዝግ ቢሆን ኖሮ እናስብ። ትዝታን ከታች ጀምሮ አምስቱን ድምፅ ወጥተን ስንጨርስ፣ ትንፋሽ አጥብቀን ሁሉን ብንደፍን የምናገኘው የላይኛውን «ሶል» ነው። በመካከል «ዶ»፣ «ሬ»፣ «ሚ» ገደል ገብተዋል። ሦስት ቀዳዳ መጨመር ነው፤ ሰባት ሊሆኑ ነው። እረኛው በሰባት ቀዳዳ ላይ ሰባት ጣት አሰልፎ በምን ጣቱ ይደግፈው? ክላርኔት በቁልፍ የተጨናነቀችው ይህን ገደል ለመሻገር ጭምር ነው።

ሳክስፎን ግን ሌላ ነገር ነው። እሱም ምላስ አለው፤ በአፉ በኩል ዝግ ነው። ሆኖም ቱቦው ከላይ ጠብቦ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ ጠባዩ እንደ ክፍት ቱቦ ይሆናል፤ ሲጠብቅበት ኦክታቭ ይዘላል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው ሰው ነው። የእሱን ቅጂ ስሰማ የላይኛው ድምፅ ከታችኛው እየተፈናጠረ ሲወጣ ዋሽንት ይታየኛል። ይህ የእኔ ጆሮ ነው፤ አልከራከርበትም።

የራሳችን እምቢልታ ደግሞ የቀዳዳውን ጉዳይ ጨርሶ ትቶታል። ምንም የጣት ቀዳዳ የለውም፤ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ሦስት ረጃጅም ቱቦዎች በሦስት ሰው ይነፋሉ፤ እያንዳንዱ ቱቦ በትንፋሽ ብቻ የሚያወጣቸው ድምፆች ጥቂት ናቸው፤ ዜማው የሚሠራው ከሦስቱ መቀባበል ነው። ከነጋሪትና ከመለከት ጋር የቤተ መንግሥት ሰልፍ ያደመቀ መሣሪያ ነው። የደራሼው ፊላ ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ነፊው ብዙ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ጥቂት፣ ዜማው የሕዝቡ። ዋሽንት የብቸኛ ሰው መሣሪያ ነው። የሚቀባበለው ስለሌለ አምስቱንም ድምፅ ብቻውን መያዝ አለበት።

ወደ ቀዳዳዎቹ ልመለስ። ዋሽንት የለመደ ሰው ሳይነፋ ቅኝቱን ሊያነበው ይችላል። ቀዳዳ ሲከፈት ቱቦው እዚያ ጋ ያለቀ ያህል ነው። 50 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ላይ ቀዳዳዎቹ እንደ ቱቦው የሰፉ ቢሆኑ፣ ለትዝታ ሜጀር ከአፍ በኩል ሲለኩ 44፣ 40፣ 33 እና 30 አካባቢ ይውሉ ነበር። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ርቀት ከሌሎቹ ይሰፋል፤ ያ «ሚ» ወደ «ሶል» የሚዘለልበት ቦታ ነው። በእውነተኛው ዋሽንት ቀዳዳው ከቱቦው ስለሚጠብ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ወደ አፍ ይጠጋል፤ ምን ያህል እንደሚጠጋ የሚወስነው የቀዳዳው ስፋትና የግድግዳው ውፍረት ነው። አምባሰል ከሆነ የታችኛው ቀዳዳ ወደ ጫፉ ይወርዳል፤ የመጀመሪያዋ እርምጃ ግማሽ ቶን ናትና። ባቲ ሜጀር ከሆነ በተቃራኒው ከጫፉ ይርቃል። ጎበዝ ነፊ ቀዳዳን በግማሽ ከፍቶ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ቢሆንም መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ዋሽንቶቹን በከረጢት ደርድሮ የሚዞረው ለዚህም ለድምፅ ከፍታውም ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ጀምሮ፣ ዮሐንስ አፈወርቅን የመሰሉ ነፊዎች ከክራር፣ ከማሲንቆና ከበገና ጎን ሲቀመጡ የማይደራደሩት እነሱ ናቸው። ክራሩ ክሩን ወጠር ያደርጋል፣ ላላ ያደርጋል። ዋሽንት አንዴ ከተበሳ ተበሳ።

ጋሼ አንድ ቀዳዳ ሲበሱ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ሸምበቆው ላይ በጥፍራቸው ጭረት ያደርጋሉ። ፌሮው ቀይ እንዳለ አይጠቀሙበትም፤ ትንሽ እስኪጠቁር ይጠብቃሉ፤ ቀይ ብረት ሸምበቆውን ይሰነጥቀዋል ይላሉ። ጫፉን ያስነኩና ያነሣሉ፤ በአንድ ጊዜ አይገፉትም። ነካ፣ አዙር፣ አንሣ። ሦስት አራት ጊዜ ሲመላለስ ትኩስ ሽታ ይወጣል፤ የተቆላ ሽምብራ ይመስላል። መጀመሪያ ቀዳዳው ከሚፈለገው ያንሳል፤ ሆን ተብሎ ነው። ይነፋሉ፣ ያዳምጣሉ፣ በክብ ሞረድ ያሰፋሉ። ድምፁ ወደ ላይ እንዲሄድ ሲፈልጉ የሚሞርዱት በአፍ በኩል ያለውን ጠርዝ ነው፤ ወደ ታች በኩል ያለውን አይነኩትም። አንድ ሞረድ፣ አንድ እስትንፋስ። ሠላሳ ጊዜ ያህል ሲያደርጉት ቆጥሬ ሰለቸኝ። እሳቸው አልሰለቻቸውም። ካለፈ ሰም አለ፤ ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ጥፍር አክሎ ተለጥፎ ድምፁን ያወርደዋል። ግን ሰም የተቀባ ዋሽንት አይሸጡም። ለራሳቸው ነው የሚያስቀሩት።

እኔም ሞክሬያለሁ። በፕላስቲክ ቱቦ፣ በራሴ ወጥ ቤት፣ በልጄ ማስመሪያና በስልክ ስሌት። የስሌቱ ቁጥር ትክክል ነበር። ፌሮውን በአንድ ጊዜ ገፋሁት፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ደነደነ፤ ቀዳዳዬ የአይጥ ጉድጓድ መሰለ። ድምፁ ሲወጣ ፉት የሚል ንፋስ ተደርቦበት ነው። የዚያን ጊዜ ነው የውስጡ ጠርዝ መለስለስ ለምን እንደሆነ የገባኝ። አየሩ በቀዳዳው ውስጥ በሰከንድ ሦስትና አራት መቶ ጊዜ ይመላለሳል፤ ስለታም ጥግ ሲያገኝ ይጠማዘዝና ጉልበቱ ወደ ፉጨትነት ይባክናል። ክብ ጥግ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። «ትንፋሹ ያየዋላ» ያሉት ይህንኑ ነበር፤ እኔ ግን ቀልድ አድርጌው ነበር።

ቀደም ሲል ያልኩት ትርፍ ርዝመት ደግሞ ስለ ብርድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላለች፤ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ዋሽንት ጅቡቲ ቢወርድ ድምፁ በዚህ ምክንያት ይለወጣል ብዬ ነበር። አይለወጥም። ግፊቱም ክብደቱም አብረው ስለሚቀንሱ የድምፅ ፍጥነት ከፍታን አያውቅም። የሚያውቀው ሙቀትን ነው። ልደታ በኅዳር ማለዳ 10 ዲግሪ ሆና በቀትር 22 ስትደርስ ፍጥነቱ በመቶ 2 ያህል ይጨምራል፤ ድምፁም የግማሽ ቶን ሲሶ ያህል ይወጣል። ለባለሙያ ጆሮ ይህ ብዙ ነው። ጋሼ ማለዳ የቆረጡትን ማለዳ አይጨርሱትም። ትርፉን ይተዉና ብብታቸው ሥር አድርገው ቡና ይጠጣሉ፤ ከሞቀ በኋላ በሞረድ ከታች ጫፉ ላይ ፍቀው ይጨርሱታል። የባህል ምሽት ቤቶች ውስጥም ሕዝቡ ሲሞላና ቤቱ ሲሞቅ ዋሽንቱ ወደ ላይ ይሄዳል፤ የክራሩ ክር ደግሞ ላልቶ ወደ ታች። ሁለቱ እየተራራቁ ሲሄዱ የሚያስታርቃቸው ክራር ደርዳሪው ነው፤ ዋሽንት ነፊው ከንፈሩን አዘንብሎ ጥቂት ያግዘዋል።

ጋሼ የቱቦውን ጨዋታ ያሳዩኝ ዕለት ማታ ውኃ መጣ። በፈረቃ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ቧንቧው መጀመሪያ ያስነጥሳል፣ ይተፋል፣ ከዚያ ይለቃል። ጋሼ የመታጠቢያ ቤታቸውን ሰማያዊ በርሜል ከቧንቧው ሥር አድርገው ተመለሱና ሞረዱን አነሡ። እየሠሩ፣ እያወሩኝ፣ ስለ ቋራ ሸምበቆና ስለ እንጅባራ ቀርከሃ ልዩነት እየነገሩኝ ነበር። ከውስጥ የውኃው ድምፅ መጀመሪያ ይጎመጉማል፤ በባዶው በርሜል ውስጥ ያለው አየር ከታች በውኃው የተዘጋ፣ ከላይ የተከፈተ ቱቦ ነው። ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር ቱቦው ያጥራል፤ ጉምጉምታው እየቀጠነ ወደ ላይ ይወጣል።

ጋሼ ወሬያቸውን በመሐል አቋረጡ። ሞረዱን አስቀመጡ፣ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ትንሽ ቀርቶታል» አሉ። ዋሽንቱን አንሥተው የታችኛውን ቀዳዳ ከፍተው ነፉና ከመታጠቢያ ቤቱ ከሚመጣው ጋር አስተያዩት። ውኃው ገና ከሥሩ ነበር። ጠበቁ። ውኃው እየወጣ፣ እየወጣ፣ ዋሽንቱን ደረሰበት።

«አሁን» ብለው ተነሡ። ቧንቧው ተዘጋ። እጃቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ ተመልሰው ቁጭ አሉና፣ «የቱ ጋ ነበርን?» አሉኝ።